የዳኛው ባርኔጣ

ባሕርን ሳያዩት የሚወዱት ሰዎች አሉ። በዚያች አሮጌ ነጭ መኪና ውስጥ የተቀመጡት ሦስቱም እንደዚያ ነበሩ። ሦስቱም ከተራራ ኋላ ተወልደው ከተራራ ኋላ ያደጉ፣ ውኃ ሲባል ቧንቧና ወንዝ ብቻ የሚታያቸው ናቸው። ከፊት ወንበር እትዬ ተቀምጠዋል። የሟቹ ዳኛ ባለቤት ናቸው፤ መኪናዋም የእሳቸው፣ ጉዞውም የእሳቸው፣ የመጨረሻው ቃልም የእሳቸው ነው። መሪውን የያዘው አንድ ልጃቸው፣ የመንገድ ሥራ ኢንጂነሩ ነው። ከኋላ ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ብቻዋን ነች ከተባለ። ከጀርባዋ የዳኛው ባርኔጣ አለ።

ባርኔጣው ዳኛው ካረፉ ወዲህ ከኋላው መስታወት ሥር ካለው መደርደሪያ ወርዶ አያውቅም። መኪናዋ ጉድጓድ በነካች ቁጥር እትዬ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው "አለ?" ይላሉ።

"አለ፣ እትዬ።"

ትናንት የባርኔጣው ገበር ስፌቱ ተተርትሮ ብታይ፣ ልጅቱ ልማድ ሆኖባት እጇን ሰደድ አድርጋ ነበር። እትዬ ለካ በመስታወት እያዩዋት ኖሯል፤ "አትንኪው!" ሲሉ ኢንጂነሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ተለጥፋ ነው የምትጓዘው።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ፣ ልብስ ሰፊዋ ወደዚህ ቤት የገባችው በቀሚስ ጫፍ በኩል ነው። ለዓመታት የእትዬን ልብስ ስትሰፋ ኖረች። አንድ ቀን እግራቸው ሥር ተንበርክካ የቀሚሳቸውን ጫፍ ስትለካ ልጃቸው በሩን ከፍቶ ገባ። አፏ ስፒል ይዞ ስለነበር ሰላም ልትለው አልቻለችም፤ በዐይኗ ብቻ ሰላም አለችው። እሱ ደግሞ እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በኋላ እትዬ ልብስ ባሰፉ ቁጥር ልጃቸው ከሥራ ቀደም ብሎ ይመጣ ጀመር። እናት ግን ይህን አላስተዋሉም!

ባስተዋሉ ጊዜማ ቤቱ ተናወጠ። "እግሬ ሥር ተንበርክካ ጫፌን የምትለካ ልጅ ምራቴ ልትሆን?" አሉና ከመኝታ ክፍላቸው አልወጣም አሉ። በመጨረሻ የወጡት አንድ ነገር ወስነው ነው። "ሰው በመንገድ ይታወቃል። አባትህ ሳያሳየኝ የሞተውን ባሕር እንየው፤ ልጅቱም አብራን ትምጣ። ስንመለስ እነግርሃለሁ።"

"እሺ፣ እማዬ" አለ ኢንጂነሩ።

ልብስ ሰፊዋን የሚያስፈራት እትዬ አይደሉም። እሳቸውን ለምዳቸዋለች፤ ወገባቸውንም ቁጣቸውንም ለክታ ታውቃለች። የሚያስፈራት ይህ "እሺ፣ እማዬ" ነው። እንደ ትንፋሽ ሳይታወቀው ነው ከአፉ የሚወጣው። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ "መርፌዬ" እያለ የልቡን ሁሉ ያወራታል። እናቱ ገብተው ሲቀመጡ ግን ምላሱ ኪሱ ይገባል። ስለዚህ ከቤቷ ስትወጣ ለራሷ ማለች። በዚህ ጉዞ ስለ እኔ አንዲት ቃል ካልተናገረ፣ እናቱ ቢፈቅዱም አላገባውም። ይህን አልነገረችውም። ተነግሮት የሚያደርገው ምን ያደርግላታል?

መንገዱ የመጨረሻውን ኮረብታ ሲጠመዘዝ ኢንጂነሩ መኪናዋን አቆመ። አቁም ያለው የለም።

ባሕሩ ነበረ።

 ልብስ ሰፊዋ መስታወቱን አወረደችና ነፋሱ ጨው ይዞ ፊቷን ሲመታት አፏን ከፍታ ቀረች። ጨርቅ ሻጭ የሐር ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው ታውቃለች፤ የትኛውም ጥቅል አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። ይኸኛው አላለቀም። ሰማይ ድረስ ሄዶ፣ ከሰማይ ጋር ሲገናኝም አላለቀም። ሳታስበው እንባዋ ወረደ፤ አላዘነችም፤ ትንሽነቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

"ይሄ ሁሉ?" አሉ እትዬ በቀጭን ድምፅ። "ይሄ ሁሉ ውኃ ነው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"በየዓመቱ 'ፍርድ ቤት ሲዘጋ እወስድሻለሁ' ይለኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ በየዓመቱ ተዘጋ። እሱ ግን ሁልጊዜ አንድ የቀረ መዝገብ ነበረው።" ዞር ብለው ባርኔጣውን አዩት። "አየህ የከለከልከኝን?" አሉት።

ወደ ታች ሲወርዱ ውኃው ሩቅ ነበር። በመንገዱና በውኃው መካከል ሰፊ፣ እርጥብ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ አሸዋ ተዘርግቷል። እትዬ ጉልበታቸውን እያሹ ርቀቱን በዐይናቸው ለኩ። እግራቸውን ውኃው ውስጥ ሊያደርጉ ፈልገው፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ደርሰው፣ መራመድ አለመቻላቸውን ልብስ ሰፊዋ አየች። አንጀቷ አልቻለም።

"መኪናዋን ጠጋ ብናደርጋትስ? እትዬ ያን ሁሉ በእግራቸው አይችሉትም።"

ኢንጂነሩ ወረደ። ሥራው መሬት መመርመር ነው፤ መሬት ባየ ቁጥር የሚመጣበት አንድ ኩራት አለ። ተረከዙን አሸዋው ላይ ደበደበ፤ ቁጢጥ ብሎ በአውራ ጣቱ ጫነው፤ ቆንጥሮም አሸው። ተነሥቶ እጁን እያራገፈ ፈገግ አለ።

"ይሄ መሬት የጭነት መኪና ይሸከማል!"

እውነቱን ነው፤ ይሸከማል። መሬቱን መረመረ። ባሕሩን መመርመር ግን አልመጣለትም፤ እሱ ባደገበት አገር ውኃ የራሱ ቦታ አለው፣ ከቦታውም አይነሣም። መኪናዋን በአሸዋው ላይ እስከ ውኃው ጠርዝ ሲነዳት፣ በስተጎን ካለው ገደል ሥር መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ብድግ ብሎ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ወሰደው። ሦስቱም ሰላም ያላቸው መስሏቸው በደስታ እጃቸውን አወዛወዙለት።

እትዬ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ቆሙ። ማዕበሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካቸው እንደ ልጅ ጮኹ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሳቸው እንዳይነካ ጎንበስ ብላ ጫፉን ሰበሰበችላቸው፤ እትዬ ቁልቁል አዩዋት። ያን ዐይን ልታነበው ሞከረች። ቁጣ አልነበረበትም፤ ሌላ ግን ምን እንደነበረበት አላወቀችም።

ከዚያ ወደ ጎን ካለ ቋጥኝ ጥላ ሥር ወጥተው ዳቦና ብርቱካን በሉ። እትዬ ዐይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ ኢንጂነሩ ልጅቱን በእጁ ጠቅሶ ከቋጥኙ ጀርባ ወሰዳት።

"አየሻት? ደስ ብሏታል! በእኔ ይሁን፣ ትፈቅዳለች።"

"አንተስ?"

"እኔ ምን?"

"አንተስ ፈቅደሃል?"

ሳቀ። "መርፌዬ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?" የብርቱካን ሽታ ባለው ጣቱ ጉንጯን ነካት። የምትጠብቀውን መልስ ያወቀ መስሎ ዐይኖቹ ዐይኖቿ ላይ ቀሩ። ምናልባት ያን ጊዜ ይናገር ነበር። ግን ከቋጥኙ ወዲያ የእትዬ ጩኸት መጣ።

"መኪናው! ኸረ መኪናው!"

ሩቅ የነበረው ባሕር መጥቶ ነበር። ሳይሮጥ፣ ሳይጮህ፣ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ዝግ ብሎ። መኪናዋን ከፊትም ከኋላም ከቧት፣ ጎማዎቿን ግማሽ ውጧል። ያ የጭነት መኪና ይሸከማል የተባለ አሸዋ ከሥሯ ሊጥ ሆኗል። ኢንጂነሩ ሮጦ ገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ አስሎ ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሆና ገፋች፤ ዓሣ አጥማጁና ባልንጀሮቹም ደርሰው ገፉ። በመጨረሻ አጥማጁ የኢንጂነሩን ትከሻ ያዘው።

"ተወው፣ ወንድሜ። የሚመጣ ባሕር አይገፋም። በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ ይሄዳል። ሲሄድ ይተውላችኋል። ያን ጊዜ በገመድ እናወጣታለን።"

ውኃው እስከ በሮቹ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ "መቀሴ…" አለች፣ ለራሷ ያህል። የስፌት ቦርሳዋ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ማንም የሰማ አልመሰላትም፤ ምክንያቱም እትዬ ከቋጥኙ እየወረዱ፣ የቀሚሳቸው ጎን ድንጋይ ይዞት ተቀዶ፣ "ባርኔጣው! ባርኔጣው!" እያሉ ነበር። ሊገቡ ሲሉ አጥማጆቹ ያዟቸው። ያን ጊዜ ዞሩባት።

"አንቺ ነሽ! መኪናዋን ጠጋ እናድርጋት ያልሽው አንቺ ነሽ! ጤነኛ መንገድ ላይ ቆመን ነበር! ከአፍሽ ባይወጣ ኖሮ አሁን…" ቃል አጠራቸው። "ያለኝን አንድ ነገር አስበላሽኝ!"

ልብስ ሰፊዋ አልመለሰችም። እትዬንም አላየቻቸውም። ያየችው እሱን ነው። መሬቱን የመረመረውን፣ መኪናዋን የነዳውን፣ ይሸከማል ያለውን። ውኃ እየተንጠባጠበበት ቆሟል። አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዐይኑ ከዐይኗ ወርዶ ጫማው ላይ አረፈ።

በቃ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላሉ፤ የታመቀ ቃልም እንደዚያው ነው፣ ሰዓቱ ካለፈ አይታፈስም። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ጸጥ አለ። እንባ እንኳ አልመጣላትም።

የዓሣ አጥማጁ ሚስት ሁለቱን ሴቶች ገደሉ ላይ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው። በረንዳው ባሕሩን ቁልቁል ያያል። እትዬ የተቀደደ ቀሚሳቸውን አውልቀው ብርድ ልብስ ተከናንበው አንድ ጥግ ተቀመጡ፤ ልብስ ሰፊዋ ሌላው ጥግ።  ጥቂት ቆይታ ልብስ ሰፊዋ ተነሣችና ቀሚሱን አነሣችው። ከልብሷ ኮሌታ ላይ ሁልጊዜ የምትሰካት መርፌ አለች፤ ክሩን ከራሷ ሻሽ ጫፍ መዘዘች። ቂም መርፌ አያስይዝም ያለው ማነው? እጇ እንጀራዋ ነው፣ ሲከፋትም የሚያጽናናት እሱ ነው።

እትዬ በጎን አዩዋት። ስፌቱ ሲያልቅ ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው።

"መቀስ የለሽም?"

"መኪናዋ ውስጥ ነው።"

"ሌላ ትገዢያለሽ።"

"የአባቴ ነው፣ እትዬ። እሱም ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሞት የተወልኝ እሱን ብቻ ነው።"

 እትዬ ብርድ ልብሱን አጥብቀው ያዙ። "አንድም ቃል አላልሽም" አሉ ቆይተው፣ ለባሕሩ የሚናገሩ ይመስል። "እኔ ያን ያህል ስጮህ፣ አንቺ አንድም ቃል አላልሽም።"

"ቃል የምጠብቀው እኔ ነበርኩ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

እትዬ ዞረው አዩዋት። ማንን እንደምትል ለመረዳት ረጅም ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ልጁን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ ከታች ጩኸት ተሰማ። ሁለቱም ወደ በረንዳው አጥር ብድግ አሉ። ባሕሩ አሁን ሞልቶ፣ ገደሉን ሊነካ ደርሶ፣ አረንጓዴና ከባድ ሆኖ ይተነፍሳል። የመኪናዋ ጣሪያና የመስኮቶቿ አናት ብቻ ይታያሉ። ወደ እሷ የሚሄድ ሰው አለ። ወገቡ ላይ ገመድ ታስሯል፤ የገመዱን ጫፍ አጥማጆቹ ይዘውታል። ውኃው ደረቱ ላይ ደርሷል።

"ልጄ!" አሉ እትዬ። "ዋና አይችልም! ኸረ ልጄ ዋና አይችልም!" እጃቸው አጠገባቸው ያለውን እጅ ፈልጎ ያዘ። የልብስ ሰፊዋ እጅ ነበር። እጅ ለእጅ ተያያዙ።

የኋላውን በር ታግሎ ከፈተው። ግማሽ አካሉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።  ባሕሩ አንድ ጊዜ ከፍ አለ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ከዚያ የስፌት ቦርሳዋን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ይዞ ወጣ።

ወዲያውም ከተከፈተው በር ባርኔጣው ተንሳፎ ወጣ። ቀጥ ብሎ፣ ሰው እንደደፋው ሆኖ፣ ከፊቱ አለፈ። እጁን ቢዘረጋ ይይዘዋል። ግን አንዱ እጁ ቦርሳውን ይዟል፣ አንዱ እጁ ገመዱን፤ ገመዱንም እንዲለቅ ባሕሩ አይፈቅድለትም። ባርኔጣውን አየው። ቀና ብሎ ቦርሳውን አየው። እናቱ ከላይ እንደሚያዩት ያውቃል፤ ወደ በረንዳው ዐይኑን ጣል አድርጎ ነበርና። ባርኔጣው አለፈ። ኢንጂነሩ ፊቱን ወደ ምድር አዞረ።

ከእትዬ ጉሮሮ ልብስ ሰፊዋ ሰምታ የማታውቀው ድምፅ ወጣ። ልጅቱ የሰፋችው ቀሚስ ክንዷ ላይ እንዳለ እጃቸውን ለቀቀችና የገደሉን ደረጃ ወደ ታች ሮጠች።

ሲያገኛት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ቦርሳውን በሁለት እጁ ሰጣት። ተቀበለችው፤ ከውስጡ ውኃ ፈሰሰ። መቀሱን ዳሰሰችው፤ አለ። ልቧ ወደ እሱ ሊሄድባት ሲል ያዘችው።

"መቀስ አልጠየቅኩህም" አለችው።

"ሰምቼሻለሁ። 'መቀሴ' ስትዪ ሰምቼሻለሁ።"

"እናትህ ያሉኝንስ አልሰማህም?"

አንገቱን ደፋ። "ሰማሁ።"

"ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዛሬ ነቀዘ። እኔ አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው፤ ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ፣ መንገዱን ሙሉ። አልነገርኩህም፣ እውነት ነው። ሳልነግርህ እንድትናገር ነበር የፈለግኩት።"

ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። በትንሽ ድምፅ የሆነ ነገር አለ። ምን እንዳለ ሰምታዋለች፤ እናቱ እንዲሰሙት ግን ፈለገች።

"አልሰማሁም። ባሕሩ ይጮኻል።"

ቀና አለ። ያ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ በሥራ ቦታው እንኳ ሠራተኞቹን በሹክሹክታ የሚያዝ የሚባለው ሰው፣ ወደ በረንዳው ዞሮ ጮኸ።

"እማዬ! እኔ ነኝ! መሬቱን የመረመርኩት እኔ ነኝ! የነዳሁት እኔ ነኝ! እሷ ለአንቺ ጉልበት አዝና ነው! ስትሰድቢያት ዝም ያልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው! ባርኔጣውንም አይቼ የተውኩት እኔ ነኝ! እወዳታለሁ፣ እማዬ! ብትፈቅጂም ባትፈቅጂም አገባታለሁ፤ እሷ ከፈቀደችልኝ!"

አጥማጆቹ ገመዱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አንደኛው "እሰይ!" አለ፤ ጎኑ ያለው በክርኑ ደቆሰው። ኢንጂነሩ ከራሱ አፍ የወጣውን ሰምቶ፣ ዐይኑ ፈጦ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ኮረብታው ላይ ባሕሩን ስታይ የተሰማት ነገር እንደገና መጣባት፤ ከአንድ ሰው ደረት ውስጥ ይህን ያህል ነገር ሊወጣ እንደሚችል አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ያልመጣው እንባ ሁሉ የመጣው።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እትዬ ብርድ ልብሱን እንደተከናነቡ፣ በዚያ በታመመ ጉልበት፣ ግድግዳውን እየደገፉ ብቻቸውን ይወርዱ ነበር። ሁለቱም ሊደግፏቸው ሮጡ። እጃቸውን አወናጭፈው አባረሯቸው፤ ውኃው ዳር ደርሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማንንም አላዩም። የሚያዩት ባሕሩን ብቻ ነው።

ዐይናቸው ግን ሩቅ አያይም። "አለ?" አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ጎናቸው ቁጢጥ አለችና ፀሐይዋ ወደምታዘቀዝቅበት አተኮረች። ባርኔጣው ትንሽ ጥቁር ነገር ሆኖ፣ ማዕበሉ ሲያነሣው ይታያል፣ ሲያወርደው ይጠፋል።

"አለ፣ እትዬ።"

ውኃው ቀስ ብሎ መመለስ ጀምሯል። ከእግራቸው ሥር አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ሌላ ስንዝር አሸዋ እየተወ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ባሕር ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳይለምነው ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰው ገፍቶ ያላወጣት መኪና በራሷ ብቅ አለች።

"አለ?"

አሁን ልብስ ሰፊዋ ብታይ ብታይ አጣችው። የቃኘችው ማዕበል ሁሉ ባዶ ነው። እንዴት አድርጋ ትንገራቸው? አንዴ ብቻ፣ ለእሳቸው ስትል፣ አለ ልትል አፏን ከፈተች።

"የለም፣ እማዬ" አለ ኢንጂነሩ። "ሄደ።"

 የእትዬ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎ ነበር፤ የሚስቁ ሆነው ተገኙ፤ ሁለቱንም ያደርጉ ነበር።

"እሰይ" አሉ። "ፍርድ ቤቱ ተዘግቶለት፣ በመጨረሻ ባሕሩን አየ።" ዐይናቸውን በብርድ ልብሱ ጫፍ ጠረጉና የተጠገነውን ቀሚሳቸውን ከልጅቱ ክንድ ላይ ተቀብለው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱ። የሻሿን ክር አወቁት። "ና እስቲ፣ አንተ። ስንመለስ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር…"

"አትንገሪኝ፣ እማዬ። እኔ ነግሬሻለሁ።"

"እሱንማ ሰማሁ። አገሩ ሁሉ ሰምቷል።" ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። "የቀረው ያንቺ ነው፣ ልጄ። ምን ትዪዋለሽ?"

ልጄ ብለዋት አያውቁም ነበር። ልብስ ሰፊዋ እርጥቡን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ ኢንጂነሩን አየችው። እሱ ጫማውን አላየም። በቀጥታ፣ በፍርሃት ተሞልቶ፣ ግን በቀጥታ አያት። አፏ በስፒል አልተሞላም፤ እንዲያም ሆኖ ቃል አልወጣላትም። እንደ መጀመሪያው ቀን በዐይኗ ብቻ መለሰችለት፤ እሱም እንደዚያ ቀን ባለበት ቀረ። ባሕሩ ከፊታቸው ወደ ሰማይ እየሄደ ነበር፣ እሷን ግን የትም መሄድ አላማራትም።